ረጅሙ የሞተር ሳይክል መንገድና የምስጋና ትምህርቱ



ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሳሱን አንዲት እናት ናቸው። ከሠራዊት አገልግሎት ከወጣ ጥቂት ዓመት የሆነው ልጃቸው በሞተር ሳይክል (በኦፍኖዓ) ምግብ ወደየቤቱ የማድረስ ሥራ ይሠራል። አንድ ቀን ማታ ገበታ ላይ፣ «ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ከመቱላ እስከ ኤላት በሞተር ልንወርድ ነው» ብሎ ተናገረ። እናትየው እንጀራው አልዋጥ አላቸው። አባትየው ደግሞ አንድም ቃል ሳይናገሩ ተነሥተው ወደ ሌላ ክፍል ገቡ። በማግሥቱ እናትየው ወደ ቢሯችን መጥተው፣ «እባካችሁ ይህን ልጅ አንድ በሉልኝ። እኛ እንዲያ ያለ መንገድ የሄድነው ጨንቆን ነው። እሱ ምን ጎድሎበት ነው ሞትን ፍለጋ የሚሄደው?» አሉን።

እኛ በማኅበራዊ አገልግሎት ሙያ የምንሠራ ሰዎች ይህን ጥያቄ በብዙ መልኩ እንሰማዋለን። አንዱ ወላጅ ስለ ሞተር፣ ሌላው ከሠራዊት በኋላ ወደ ሩቅ አገር ስለሚደረግ ጉዞ ያነሳል። ከሁሉም በስተጀርባ ያለው ጭንቀት ግን አንድ ነው፤ «ልጆቻችን ሁሉ ነገር ተሰጥቷቸው ሳለ ማመስገንን አያውቁም፤ እምነታቸውም እየሳሳ ነው» የሚል ነው። ታዲያ ረጅም መንገድ፣ በተለይም በሞተር ሳይክል የሚደረግ ረጅም መንገድ፣ ምስጋናንና እምነትን ያርቃል ወይስ ያቀርባል? ዛሬ ይህን በአንድ እውነተኛ ታሪክ፣ በመንገድ ጸሎቶቻችን፣ በመጨረሻም እነዚያ እናትና ልጃቸው ያሳለፉትን በማስታወስ ለማስረዳት እንሞክራለን። ቤተሰቡ ስምና ከተማ እንዳንጠቅስ አደራ ብሎ ታሪኩን እንድንጽፍ ፈቅዶልናል።

ከቴል አቪቭ ወደ አውሮፓ

ብዙዎቻችን ማካቢያ የሚባለውን የአይሁዶች የስፖርት ውድድር በቴሌቪዥን አይተናል። ውድድሩ የተጀመረው ግን በሞተር ሳይክሎች ርዳታ እንደሆነ የሚያውቅ ጥቂት ሰው ነው።

የማካቢያን ሐሳብ ያመጣው ዮሴፍ የኩቲኤሊ የሚባል ሰው ነው። በልጅነቱ ከቤላሩስ ወደ እስራኤል ምድር የመጣ ሲሆን፣ በ1912 በስቶክሆልም ስለተደረገው ኦሎምፒክ ሲሰማ አይሁዶችም እንዲህ ያለ ውድድር ቢኖራቸው ብሎ ማለም ጀመረ። ሕልሙ ሰሚ ያገኘው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። የመጀመሪያው ማካቢያ የባር ኮኽባ ዓመፅ 1,800ኛ ዓመት በሚታሰብበት በ1932 እንዲደረግ ታሰበ።

ነገር ግን በዚያን ጊዜ አገሪቱ በእንግሊዝ አስተዳደር ሥር ነበረች። ገንዘብ አልነበረም፤ በዓለም ተበትነው የሚኖሩትን አይሁዶች ጠርቶ ማሰባሰብም ቀላል አልነበረም። በዚህ ጊዜ ነው የማካቢ ወጣቶች በሞተር ሳይክል ተነሥተው ጥሪውን በአካል ለማድረስ የወሰኑት። በ1930 አንድ ቡድን ከቴል አቪቭ ተነሥቶ ቤልጅየም ውስጥ እስከምትገኘው አንትወርፕ ድረስ ተጓዘ። በ1931 ደግሞ ሌላ ቡድን እስከ ለንደን ሄደ። በየመንገዱ በሚያገኟቸው የአይሁድ ማኅበረሰቦች ዘንድ እየቆሙ «በእስራኤል ምድር ውድድር አለና ኑ» እያሉ ጋበዙ።

ጥሪውም ሰሚ አገኘ። በማርች 28 ቀን 1932 ወደ 400 የሚጠጉ ስፖርተኞች በቴል አቪቭ ተሰበሰቡ። የከተማዋ ከንቲባ ሜየር ዲዘንጎፍ በፈረስ ላይ ሆነው ሰልፉን መሩ። ከመጡት ስፖርተኞች መካከል ብዙዎቹ ወደ መጡበት አገር አልተመለሱም። በ1935 በተደረገው በሁለተኛው ማካቢያም እንዲሁ ብዙዎች በዚያው ቀርተዋል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በአውሮፓ የሆነውን ስናስብ፣ የእነዚያ ሞተረኞች ግብዣ ለስንት ሰው የሕይወት መንገድ እንደሆነ መገመት ይቻላል። ሞተረኞቹ ራሳቸው ግን ይህን አላወቁም ነበር። ለስፖርት የጠሩ መስሏቸው ለሕይወት ጠርተው ነበር። ሰው በመንገዱ ላይ ሳለ የመንገዱን ትርጉም አያውቀውም የምንለው ለዚህ ነው።

በ2015 ወደ በርሊን

ከ80 ዓመታት በላይ ካለፉ በኋላ፣ በ2015 የአውሮፓ ማካቢ ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ በጀርመን፣ ያውም በበርሊን እንዲደረግ ተወሰነ። የመክፈቻው በዓል የተደረገው ናዚዎች በ1936 ላደረጉት ኦሎምፒክ ባሠሩት ግቢ ውስጥ ነው። ከ30 በላይ ከሆኑ አገሮች ከ2,000 በላይ ስፖርተኞች ተገኙ።

ለዚህ በዓል የማካቢን ችቦ ይዘው ከእስራኤል ወደ በርሊን የሄዱት 11 ሞተረኞች ናቸው። የ1930ዎቹን ሞተረኞች ፈለግ ተከትለው ማለት ነው። ከመካከላቸው ሁለቱ ከሾአ የተረፉ አዛውንቶች ሲሆኑ፣ ሌሎቹ የተረፉት ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ነበሩ። በግሪክ፣ በቡልጋሪያ፣ በሩማንያ፣ በሃንጋሪና በፖላንድ አልፈው ጀርመን ገቡ። ጉዟቸው በ2018 «ባክ ቱ በርሊን» በሚባል ዘጋቢ ፊልም ቀርቧል።

እስቲ መንገዱ ላይ ያለፉባቸውን አገሮች እናስብ። በግሪክ ተሰሎንቄ ወደ 50 ሺህ የሚጠጉ አይሁዶች ይኖሩ ነበር፤ በ1943 አብዛኞቹ ወደ አውሽቪትስ ተወስደው ተገደሉ። ድንበሩን ተሻግሮ ወደ ቡልጋሪያ ሲገባ ደግሞ ታሪኩ ሌላ ነው። በዚያው በ1943 የቡልጋሪያ የፓርላማ አባላት፣ የቤተ ክርስቲያን መሪዎችና ተራ ሰዎች በመቃወማቸው ወደ 48 ሺህ የሚጠጉት የአገሪቱ አይሁዶች ወደ ሞት ሳይላኩ ቀሩ። ሆኖም ቡልጋሪያ ይዛቸው ከነበሩት ከትራቂያና ከመቄዶንያ ከ11 ሺህ በላይ አይሁዶች ተላልፈው ተሰጥተው አልቀዋል።

እንግዲህ ከቡልጋሪያ የመጣ አያት ያለው ሰው በዚያ ሲያልፍ ምን ይበል? ለተረፉት ያመስግን ወይስ ለሞቱት ያልቅስ? መልሱ ሁለቱንም ነው። እውነተኛ ምስጋና የደረሰውን በደል አይሸፍንም። በደሉም ያዳኑንን ሰዎች ውለታ አያጠፋም። ይህን ነጥብ ያዙልን፤ ወደ ኋላ ስለ ራሳችን ስንናገር እንመለስበታለን።

ሞተር ሳይክል ሰውን ምን ያስተምራል?

«ለመሆኑ በአውሮፕላን ወይም በመኪና አይሄዱም ነበር?» የሚል ይኖራል። ይቻል ነበር፤ ነገር ግን በመኪና የሚሄድ ሰው መንገዱን በመስተዋት ያየዋል። ሲሞቀው ያቀዘቅዛል፤ ሲበርደው ያሞቃል። በሞተር የሚሄድ ግን ዝናቡም፣ ነፋሱም፣ ፀሐዩም፣ አቧራውም በላዩ ላይ ያልፋል። ከእርሱና ከአስፋልቱ መካከል ያሉት ሁለት ጎማዎች ብቻ ናቸው። ስለሆነም ሞተረኛ በመንገድ ላይ ራሱን ትልቅ አድርጎ ማየት ይከብደዋል። ትንሽ አሸዋ፣ የፈሰሰ ዘይት፣ የአንድ ሹፌር አለማስተዋል ሊጥለው እንደሚችል ያውቃል።

በተጨማሪም ሞተረኞች በቡድን ሲሄዱ የሚከተሉት ሥርዓት አለ። ጎን ለጎን አይሄዱም፤ አንዱ በስተግራ፣ ቀጣዩ ወደ ኋላ ቀረት ብሎ በስተቀኝ ሆነው ይሄዳሉ። መንገዱን የሚያውቅ ሰው ይመራል። ልምድ ያለው ሌላ ሰው ደግሞ ከሁሉም ኋላ ሆኖ ማንም እንዳይቀር ይጠብቃል። ልምድ የሌለው ከመሪው ቀጥሎ ይደረጋል። የቡድኑም ፍጥነት የሚለካው በደካማው ነው። ወደ ሱዳን በእግር የሄዱ ወላጆቻችን ይህን ሥርዓት ያውቁታል፤ መሪ ከፊት፣ ጎበዝ ከኋላ፣ አዛውንቶችና ሕፃናት ከመሐል ነበሩና።

ሌላም ትምህርት አለ። ሞተር መንዳት የሚያስተምሩ ሰዎች «ዓይንህ ወደ ሄደበት ሞተሩ ይሄዳል» ይላሉ። ጉድጓዱን ትኩር ብሎ የሚያይ ሰው ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል። መውጫውን የሚያይ ግን በጎኑ ያልፋል። ይህ ማለት ጉድጓዱ የለም ማለት አይደለም፤ አለ፤ አይተኸዋል፤ ነገር ግን ዓይንህን እዚያው አትከልም ማለት ነው። ስለ ምስጋና ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አናውቅም።

የመንገድ ጸሎትና የምስጋና ቡራኬ

አባቶቻችን መንገደኛን ሳይመርቁ አይሸኙም ነበር። «መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ» ይላሉ። በእስራኤልም ለመንገደኛ ተፊላት ሃዴሬኽ የሚባል የመንገድ ጸሎት አለ። ከከተማ ወጥቶ ራቅ ያለ መንገድ የሚሄድ ሰው ይጸልየዋል። ከጠላት፣ ከወንበዴና ከአውሬ ተጠብቆ በሰላም እንዲደርስ ይለምናል። በዚህ ጸሎት ውስጥ አንድ የሚገርም ነገር አለ፤ ሰውየው ብቻውን ቢሄድም የሚጸልየው «እኛ» እያለ ነው። ሊቃውንቱ በታልሙድ ሲያስረዱ፣ ሰው ሲጸልይ ራሱን ከሕዝቡ ጋር መደመር አለበት ብለዋል። ብቻውን በሞተር የሚሄድ ልጅም በዚህ ጸሎት ብቻውን አይደለም።

ይህ ከመንገድ በፊት ነው። ከመንገድ በኋላስ? በዕብራይስጡ ቁጥር 107ኛው፣ በግዕዙ ዳዊት ደግሞ 106ኛው መዝሙር አራት ዓይነት ሰዎችን ያነሳል፤ በምድረ በዳ ጠፍተው መንገድ ያገኙ፣ ከእስር የተፈቱ፣ ከሕመም የዳኑና ባሕር ተሻግረው የደረሱ። ከዚህ በመነሣት እነዚህ አራቱ እግዚአብሔርን በአደባባይ ማመስገን እንዳለባቸው በታልሙድ ተደንግጓል። ቡራኬው ቢርካት ሃጎሜል ይባላል። የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ በቤት ክኔሴት ኦሪት በሚነበብበት ሰዓት፣ አሥር ሰዎች ባሉበት ነው። አመስጋኙ ሲጨርስ ጉባኤው ይመልስለታል። ለየትኛው ጉዞ ይባላል በሚለው ላይ ሰፋራዶችና አሽከናዞች የተለያየ ልማድ ስላላቸው፣ ረቢያችሁን ወይም ቄሳችሁን ብትጠይቁ መልካም ነው።

ለእኛ ግን ሦስት ነገሮች ጎልተው ይታዩናል። አንደኛ፣ ምስጋናው የሚቀርበው አደጋውን በግልጽ ከጠሩ በኋላ ነው፤ ምድረ በዳው፣ እስሩ፣ ሕመሙ፣ ማዕበሉ በስማቸው ተጠርተዋል። ሁለተኛ፣ አመስጋኙ «ስለሚገባኝ ተደረገልኝ» አይልም፤ እግዚአብሔር ለማይገባው ሰው እንኳ መልካም እንደሚያደርግ ይመሰክራል። ሦስተኛ፣ በልብ ብቻ ማመስገን አይበቃም፤ በሰዎች ፊት መነገር አለበት፤ ሰሚ ያስፈልገዋል።

እስቲ ወላጆች ሆይ ራሳችንን እንጠይቅ። ብዙዎቻችን ምድረ በዳም፣ እስርም፣ ሕመምም አልፈናል። ለመሆኑ በልጆቻችን ፊት ነግረነዋል?

ልጁ ከኤላት ሲመለስ

ወደ መጀመሪያው ታሪካችን እንመለስ። ያን ጊዜ ልጁን «አትሂድ» አላልነውም። ሕግ የሚፈቅድለት ጎልማሳ ነው። ከእርሱና ከእናቱ ጋር ተቀምጠን ግን ስለ መንገዱ በዝርዝር ተነጋገርን። መቼ እንደሚነሡ፣ የት እንደሚያድሩ፣ በየስንት ሰዓቱ እንደሚደውል ተስማማን። አባትየው ሊመጡ አልፈለጉም።

ልጁና ጓደኞቹ የሄዱበት መንገድ ቁጥር 90 የሚባለው ነው። በሰሜን ከመቱላ ጀምሮ በኪኔሬት ባሕር ዳር፣ በዮርዳኖስ ሸለቆ፣ በሙት ባሕር አጠገብ አልፎ በዓረባ በረሃ ወደ ኤላት የሚወርድ ሲሆን፣ ወደ 480 ኪሎ ሜትር ይሆናል። የአገሪቱ ረጅሙ መንገድ ነው። ብዙ አደጋም የደረሰበት ነው። የሙት ባሕር ዳርቻ ከባሕር ጠለል በታች ከ400 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ፣ በምድር ላይ ያለ የመጨረሻው ዝቅተኛ የብስ ነው። ሰው በሞተር ከዚያ ወደ ዓረባ ሲወጣ ሙቀቱ እንደ ምድጃ ፊት ይመታዋል።

በዓረባ ፀሐይ ሊጠልቅ ሲል የልጁ ሞተር የኋላ ጎማ ተነፈሰ። ቀዳዳ መድፈኛ አልያዙም ነበር። መኪኖች በፍጥነት ያልፋሉ፤ ጨለማው እየመጣ ነው። ልጁ በኋላ እንደነገረን፣ «ሠራዊት ውስጥም እንዲህ አልፈራሁም። እዚያ መሣሪያም አዛዥም አለ። እዚህ ግን እጄን ከማንሳት በቀር ምንም የምችለው አልነበረም» ብሏል። በመጨረሻ አንድ ዕቃ መጫኛ መኪና ቆመ። ሾፌሩ ዓረብኛ ተናጋሪ ነበር። ሞተሩን አብረው አንሥተው ጫኑት፤ ልጁን እስከ ቤንዚን ማደያ ድረስ ወሰደው። ገንዘብ ሲሰጡት አልቀበልም ብሎ፣ ውሃ ሰጥቷቸው ሄደ።

ልጁ ቤት ሲመለስ ይህን ሁሉ ለእናቱ ይነግራል። አባትየው እንደ ልማዳቸው ዝም ብለው ያዳምጣሉ። ልጁም፣ «የሚያሳዝነኝ የሰውየውን ስም እንኳ አልጠየቅሁትም» ሲል፣ አባትየው ድንገት ተናገሩ።

«እኔም አልጠየቅኋትም» አሉ።

«ማንን ነው አባ?»

«ውሃ የሰጠችንን ሴት።»

ከዚያ በኋላ ልጁ በሃያ አራት ዓመቱ ሰምቶት የማያውቀውን ሰማ። አባትየው በ1984 የ15 ዓመት ልጅ ሳሉ ከጎንደር ገጠር ከወላጆቻቸው ጋር በእግር ተነሡ። ቀን ጫካ ውስጥ ተደብቀው ሌሊት ይሄዱ ነበር። ውሃ ባለቀባቸው ሌሊት አንዲት የማያውቋት የገጠር ሴት ከጎጆዋ ወጥታ በቅል ውሃ ሰጠቻቸው፤ ለማንም ሳትናገርም አሳለፈቻቸው። ትንሿ እኅታቸው በጀርባቸው ላይ ነበረች። ሱዳን ድረስ በሰላም ደረሰች። ኡም ራኩባ መጠለያ ውስጥ ግን ታመመችና በዚያው ቀረች። ልጁ አክስት እንደነበረችው የሰማው ያን ማታ ነው።

እናትየው ሲነግሩን፣ «አብረን ስንኖር ይህን ያህል ዓመት፣ ለእኔም እንዲህ አድርጎ ነግሮኝ አያውቅም» አሉ።

በዚያው ሳምንት በሰንበት ልጁ ከአባቱ ጋር ወደ ቤት ክኔሴት ሄዶ ቢርካት ሃጎሜል አለ። ቃሉን ከመጽሐፍ እያነበበ፣ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ ነበር። አባትየው ከጉባኤው ጋር «አሜን» አሉ። ከወራት በኋላ በኢያር 28 ቀን፣ በሱዳን መንገድ ያለቁት ወገኖቻችን በሚታሰቡበት ዕለት፣ ሁለቱም ኢየሩሳሌም ሄርጽል ተራራ ላይ ካለው መታሰቢያ ተገኙ። አባትየው በአውቶቡስ፣ ልጁ በሞተሩ ነበር የሄዱት። እናትየው እስከ ዛሬ ድረስ ሞተሩን አልወደዱትም።

«አመስግን!» ማለት ለምን አይሠራም?

በኛ ቤት ልጅ ሲያጉረመርም፣ «እኛ በእግራችን በረሃ አቋርጠን መጥተን፣ አንተ በዚህ ታማርራለህ?» ማለት የተለመደ ነው። እኛም ለልጆቻችን ብለነዋል። ልጁ ግን በዚህ ቃል ውስጥ የሚሰማው ታሪክን ሳይሆን ወቀሳን ነው። ወቀሳ ደግሞ ጆሮን ይዘጋል።

ምስጋና በትእዛዝ አይመጣም። የሚመጣው ሰው ራሱን ችሎ መቆም እንዳልቻለና ሌላ እጅ እንደያዘው ሲያውቅ ነው። ያ ልጅ ያመሰገነው ስለተነገረው አይደለም። በጨለማ መንገድ ዳር እጁን አንሥቶ ስለቆመና አንድ ሰው ስለቆመለት ነው። የአባቱን ታሪክም መስማት የቻለው የራሱ ትንሽ ታሪክ ስለነበረው ነው። ጎማ መተንፈስና ሱዳን መሄድ አይመዛዘኑም። ነገር ግን ትንሿ ፍርሃት ትልቁን ፍርሃት የምትረዳበትን በር ትከፍታለች። እምነትም እንዲሁ ነው፤ ጉልበታችን ካለቀበት ቦታ አልፎ የሚጠብቀን አለ ብሎ መደገፍ ነው።

የሥነ ልቦና ጥናትም በዚህ ላይ የሚለው አለው። ሮበርት ኤሞንስና ማይክል ማኩሎው የተባሉ አሜሪካውያን ምሁራን በ2003 ባሳተሙት ጥናት፣ አንዳንድ ሰዎች በየሳምንቱ ያመሰገኑባቸውን እስከ አምስት ነገሮች እንዲጽፉ፣ ሌሎች ደግሞ ያናደዷቸውን ነገሮች እንዲጽፉ አደረጉ። ከአሥር ሳምንት በኋላ ያመሰገኑት ሰዎች ከሌሎቹ ይልቅ በኑሯቸው ደስተኞችና ስለሚመጣው ሳምንት ተስፋ ያላቸው ሆነው ተገኙ። ልብ በሉ፤ ዝርዝሩን የጻፉት ሰዎቹ ራሳቸው ናቸው። ሌላ ሰው «ይህን አመስግኑ» ብሎ አልሰጣቸውም።

ደግሞም ስለ ቡልጋሪያ ያልነውን አስታውሱ። ልጆቻችን በዚህ አገር በቀለማቸው ምክንያት የሚደርስባቸው ነገር አለ። በመንገድ ላይ ያለ ምክንያት መታወቂያ ይጠየቃሉ፤ በሥራ ፍለጋ ጊዜ ይገፋሉ። ይህን ሲነግሩን «ዝም በል፣ አመስግን» ብለን ከመለስንላቸው ምስጋናን የዝምታ ማስያዣ አደረግነው ማለት ነው። በ1984 እና በ1985 በሙሴ ዘመቻ ወደ 8 ሺህ የሚጠጉ ወገኖቻችን መጥተዋል፤ እናመሰግናለን። በሱዳን መንገድና መጠለያ ወደ 4 ሺህ የሚጠጉ ቀርተዋል፤ እናለቅሳለን። መብታችን ሲነካም እንጠይቃለን። ሦስቱም በአንድ ቤት አብረው ይኖራሉ።

ለወላጆችና ለወጣቶች የምንመክረው

ለወላጆች፦

ልጃችሁ ከጉዞ ሲመለስ መጀመሪያ አትውቀሱት። «ምን ገጠመህ? ማን ረዳህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ከዚያ በኋላ የእናንተን ከእርሱ ታሪክ ጋር የሚገናኝ አንድ ነገር ብቻ ንገሩት። ሁሉንም በአንድ ቀን መናገር አያስፈልግም። መናገር የሚያማችሁ ከሆነ፣ እንቅልፍ የሚነሣችሁ ከሆነ፣ ከባለሙያ ጋር መነጋገር ነውር አይደለም። አማርኛ የሚችሉ ባለሙያዎች ስላሉ በየከተማችሁ ባለው የማኅበራዊ አገልግሎት ቢሮ ጠይቁ። ልጁ አማርኛ፣ እናንተም ዕብራይስጥ የሚያጥራችሁ ከሆነ በሁለቱም እያቀላቀላችሁ ተነጋገሩ፤ «አንቱ» ማለት ቢያቅተው አትቀየሙት።

ለወጣቶች፦

እምነት ማለት ጥንቃቄን መተው አይደለም። ሞተረኛን የሚጋርደው የመኪና አካል የለም። የራስ ቁር (ቃስዳ) ያደረገ ሰው በአደጋ ጊዜ የመሞት ዕድሉ ወደ 42 ከመቶ፣ ጭንቅላቱ የመጎዳት ዕድሉ ደግሞ ወደ 69 ከመቶ እንደሚቀንስ ብዙ ጥናቶችን ያጠቃለለ ሥራ አሳይቷል። ስለሆነም ለአጭር መንገድም ቢሆን አድርጉት፤ ማሰሪያውንም እሰሩ። በሙቀትም ቢሆን ጓንት፣ ጃኬትና ጠንካራ ጫማ ይኑራችሁ። ከመነሣታችሁ በፊት የጎማ ነፋስ፣ ፍሬንና መብራት ተመልከቱ። ቀዳዳ መድፈኛና በቂ ውሃ ያዙ። በየሰዓት ተኩሉ ወይም በየሁለት ሰዓቱ ቁሙ። እንቅልፍ ከመጣ አትታገሉ፤ ውረዱ። ለሥራ ሞተር የምትነዱም፣ ትእዛዝ ቶሎ ለማድረስ ስትሉ ቀይ መብራት አትለፉ። ምግቡ ቢቀዘቅዝ ይሞቃል።

እናታችሁ ስትጨነቅ «አትፍሪ» ከማለት መደወል ይሻላል። በደረሳችሁበት ሁሉ ደውሉ።

ውድ አንባቢዎቻችን፣ እኛ ብዙዎቻችን በዚህ አገር የደረስነው ስማቸውን በማናውቃቸው ሰዎች እጅ ነው። ውሃ የሰጠች ሴት፣ መንገድ ያሳየ እረኛ፣ በአውሮፕላን ውስጥ እጃችንን የያዘ ሰው ነበሩ። ስማቸውን ጠርተን ልናመሰግናቸው አንችልም። ልንከፍል የምንችለው ታሪኩን ለልጆቻችን በመንገርና እኛም በተራችን ለሌላ መንገደኛ በመቆም ነው። ያ ወጣት ዛሬ በሞተሩ ሻንጣ ውስጥ ቀዳዳ መድፈኛና ሁለት ጠርሙስ ውሃ ሳይዝ አይወጣም። «ለራስህ ነው?» ብለን ስንጠይቀው፣ «መንገድ ዳር ለሚቆም ሰው ነው» አለን።

እናትየውም ልጃቸው ከቤት ሲወጣ በር ላይ ቆመው ይመርቁታል። እኛም ለሁላችሁ ልጆች ያንኑ እንላለን፦ መንገዱን ጨርቅ ያድርግላችሁ።

ሰላም ሁኑ።